አያታችሁ የማን ጭሰኛ ነበሩ?

እስቲ አንድ ጥያቄ! የአውሮፓን ክለቦች አሰላለፍ ከበረኛ እስከ አጥቂ ሳትሳሳቱ የምትደረድሩ ወጣቶች፣ የአያታችሁን አያት ስም ታውቃላችሁ? ምን ሠርተው ይኖሩ እንደነበርስ? «ገበሬ ነበሩ» ብላችሁ ልታልፉ ነው አይደል? መልካም! ታዲያ የሚያርሱት መሬት የማን ነበር? እዚህ ላይ አብዛኞቻችን ጭጭ ነው። ገጠሬውን «ፋራ» እያልን እናሾፍበታለን እንጂ፣ ሦስት ትውልድ ወደ ኋላ ቢቆጠር ዘሩ ከሞፈርና ከቀንበር የማይገናኝ አራዳ ስንት ይገኛል?

ነገሩን ያነሳሁት አምቦ ደርሼ ስለመጣሁ ነው። አምቦ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። በንጉሡ ዘመን «ሀገረ ሕይወት» ትባል ነበር። የሸገር ልጅ ወደዚያ የሚወርደው በፍል ውኃው መዋኛ ለመንቦራጨቅ፣ ጉደር ፏፏቴ አጠገብ ፎቶ ለመነሳት፣ ጎበዝ ከሆነም ወንጪ ሐይቅ ድረስ ለመዝለቅ ነው። ከዚያ አምቦ ውኃውን አገሩ ላይ ጠጥቶ ወደ ቤቱ! ደግ ነው፤ መዝናናት ማን ይጠላል? እኔ ግን አራተኛ ነገር ልጨምርላችሁ። የአንድ ገበሬ ቤት ታሪክ ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ።

መንገዱ ራሱ ያዘጋጃችኋል። ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ኦሎንኮሚንና ጊንጪን ስታልፉ ግራና ቀኙ እርሻ ነው። ጊንጪ አካባቢ መረሬው እንደ ከሰል ጠቁሮ ታዩታላችሁ። ክረምት ላይ ውኃ ስለሚያቁር ገበሬው ጤፉን ዘግየት ብሎ ይዘራል። ዝናቡ ሲያበቃ ደግሞ አፈሩ ይዞ በቆየው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ያበቅላል። ይህን ብልሃት አባት ለልጅ ሲያወርሰው የኖረ ነው።

እኔ የሄድኩበት ቤት ከጉደር ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ጉደር ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የወሰደኝ ጓደኛዬ የቤቱ የልጅ ልጅ ነው፤ ስም አልጠራም። አያቱን ሁሉም ሰው «አኮ» ይላቸዋል፤ በኦሮምኛ ሴት አያት ማለት ነው። ሰማንያ ሊደፍኑ ምንም አልቀራቸውም። ጭኮና እርጎ ቀረበ፤ ጓደኛዬ እየተረጎመልኝ ወሬው ተጀመረ።

በመጀመሪያ የቤቱ ታላቅ ልጅ አባቶቹን ቆጠረልኝ። ስምንት አባት ትንፋሽ ሳይወስድ! «እናቶቹስ?» ብል ሁሉም ሳቀ። ከአያቱ እናት በላይ የአንዲት ሴት ስም የሚያውቅ ጠፋ። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

አኮ ተድረው ወደዚህ ቤት ሲገቡ ባላቸውም አማታቸውም ጭሰኞች ነበሩ። ከምርቱ እኩሌታው ለባለመሬቱ ይሄዳል። በዓል ሲደርስ በግ ወይም ማር ይዞ ደጅ መጥናት አለ። ባለመሬቱ «ተነሱ» ካለ ደግሞ ጓዝ ጠቅልሎ መነሳት ነው። «ሁለት ጊዜ ቤታችንን አፍርሰናል» አሉ አኮ። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አዲስ አበባ ላይ «መሬት ለአራሹ» ብለው ሲሰለፉ መፈክሩ የእንዲህ ያሉ ቤቶችን ጉዳይ የያዘ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። ጭሰኝነት ቀረ፤ አንድ ቤተሰብም ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተደነገገ። አኮ ቀኑን አያስታውሱም። የሚያስታውሱት በዚያ ዓመት እህሉ ሳይከፈል በሙሉ ጎተራ መግባቱን ነው። ግን ምን ዋጋ አለው? ቆየት ብሎ የእህል ኮታ መጣ፤ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ማስረከብ ግድ ሆነ። መንደር ምሥረታ መጣ፤ ቤቱ ሦስተኛ ጊዜ ፈረሰ። ብሔራዊ ውትድርና መጣ፤ አንዱን ልጅ ወስዶ አልመለሰውም። የካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ቤተሰቡ አራተኛ ጊዜ አፍርሶ ወደ ድሮው ቦታው ተመለሰ።

ዛሬስ? አባወራው አርፈዋል። ይዞታው ሁለት ሄክታር ነው። ልጆቹ አምስት፤ ሦስት ወንድ፣ ሁለት ሴት። ቢካፈሉ ለአንዱ ግማሽ ሄክታር እንኳ አይደርሰውም። የመጨረሻዋ ሴት ልጅ ትዳሯ ፈርሶ ሁለት ልጆቿን ይዛ ተመልሳለች። «ድርሻዬን ስጡኝ» ትላለች። ወንድሞቿ «የሴት ልጅ መሬቷ ባሏ ዘንድ ነው» ይላሉ። ባልየውስ? «አባትሽ ቤት ሂጂ» ብሏታል! እንግዲህ የት ትረስ? አያችሁ፣ እናቶች በማይቆጠሩበት ቤት መሬት ሲከፋፈል ሴት ልጅም ትረሳለች።

ሕጉ ግን አልረሳትም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ሲል፣ በአንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች በመሬት አጠቃቀምና በውርስ እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል። የይዞታ ደብተሩም ላይ የአኮ ስም ከባላቸው ጎን ተጽፏል። ደብተሩን ከሣጥን አውጥተው አሳዩኝ። ማንበብ አይችሉም፤ ስማቸው የቱ ጋ እንዳለ ግን በጣታቸው ያውቁታል። «ባለመሬቱ ሲያባርረን እኔም ተባርሬአለሁ። ያን ጊዜ ‹አንቺ ሴት ነሽ፣ ቅሪ› ያለኝ የለም» አሉ። ወንዶቹ አቀረቀሩ። ጉዳዩ አሁንም በሽማግሌ እጅ ነው።

ይህ የኛ ብቻ ጣጣ እንዳይመስላችሁ። አየርላንድን ውሰዱ። እዚያም አብዛኛው ገበሬ የሌላ ሰው መሬት አራሽ ነበር። ከ1845 እስከ 1852 እ.ኤ.አ. ድንቹን በሽታ ሲመታው አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አለቀ፤ ከዚያ የማያንሰው ተሰደደ። በ1903 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ገበሬው ከመንግሥት እየተበደረ መሬቱን በስፋት መግዛት ቻለ። ግን እርሻው ብዙውን ጊዜ ለአንድ ወንድ ልጅ ይተላለፍና ሌሎቹ እህትና ወንድሞች በመርከብ ወደ አሜሪካ! ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ባሕር ተሻግረው እየመጡ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ያገላብጣሉ። የኛ ገበሬ መዝገብ ግን የሽማግሌዎቻችን አፍ ነው። እሱ ከተዘጋ ተዘጋ።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ የመንገዱን ሰላም አስቀድማችሁ ጠይቁና ቡናና ስኳር ሸክፋችሁ አገር ቤት ሂዱ። ስልካችሁን ለሰልፊ ብቻ አታውጡት፤ ድምፅ ቅዱበት። «ለማን ትገብሩ ነበር? ቤታችሁ ስንት ጊዜ ፈረሰ? የዚህን ማሳ ስም ማን አወጣው?» በሉ። የድሮ የግብር ደረሰኝ ካለ ፎቶ አንሱት። የእናቶችንም ስም ጻፉ። በተለይ አባታችሁ ከአያታችሁ መሬት ድርሻ የሚጠብቅ ከሆነ አንድ ጥያቄ አትርሱ፤ «አክስቶቼስ?» በሉት። ቢቆጣም ችላችሁ ጠይቁት።

ቸር ሰንብቱ!