የድንኳን ጉዞ ስንቅ በባሌ ተራሮች

ሰው ከቤቱ ወጥቶ በድንኳን ሁለት ሌሊት ሊያድር ባሰበ ጊዜ ብዙዎቹ አስቀድመው የሚጠይቁት መንገዱን ነው፤ የቤት እመቤት ግን ስንቁን ትጠይቃለች። ጥያቄዋም የተገባ ነው። መንገዱ መልካም ሆኖ ስንቁ ያልታሰበበት እንደ ሆነ ልጆች በብርድ ተቀምጠው የማይበስል ድስት ሲጠብቁ ያመሻሉና የጉዞው ደስታ በዚያው ይቀራል። ስለዚህ ከዓርብ እስከ እሑድ በባሌ ተራሮች ለሚሰነብት ቤተ ሰብ ቀላል ምግብ እንዴት እንደሚሰናዳ ዛሬ እንገልጣለን።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት በዲንሾ ነው። ዲንሾ ከአዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ በሻሸመኔና በዶዶላ በኩልም ይደረስበታል። በዚያ በኮሶና በጥድ ዛፍ አጠገብ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ አለ፤ ጧት በማለዳ የደጋ አጋዘንና ከርከሮ ሲግጡ ይታያሉ። ከዲንሾ ተነሥቶ በሮቤና በጎባ አልፎ ወደ ሳነቴ አምባ የወጣ መንገደኛ ደግሞ የአስታውን ቁጥቋጦ ከበታቹ ትቶ ወደ 4,000 ሜትር ከፍታ ይደርሳል፤ በዚያም ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ሲያድን ያያል። የተራሮቹ ሁሉ የበላይ የሆነው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ይህ ሥፍራ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል።

እንግዲህ ስንቅ ሲታሰብ ይህን ከፍታ መርሳት አይገባም። ውሃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በሐዋሳ ግን ወደ 94፣ በዲንሾ ወደ 90፣ በሳነቴ ወደ 87 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል። አየሩ በሳሳ መጠን ውሃው ገና በሚገባ ሳይግል ይንተከተካል ማለት ነው። ስለዚህ ባቄላና ሽምብራ ጥሬውን ይዞ ወደዚያ የወጣ ሰው ማገዶውን ይጨርሳል እንጂ እህሉን በጊዜ አያደርስም።

የአገራችን የመንገድ ስንቅ ለዚህ ነገር እጅግ የተመቸ ነው። በሶው ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ነው፤ ሽሮው ተቆልቶ የተፈጨ ጥራጥሬ ነው፤ ድርቆሹ የተጋገረ እንጀራ ነው። ሁሉም ዋናውን እሳት በቤት ፈጽሞ የሚሄድ ነው። የአርሲና የባሌ ሰዎችም የተቆላውን የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ለውሰው ጭኮ ያደርጉታል፤ ይህም ብዙ ቀን ይቆያል፤ በብርድ አገርም ኀይል ይሰጣል።

ለአምስት ሰው እንዲህ ቢሰናዳ ይበቃል። ድርቆሹ በሳምንቱ መጀመሪያ ይድረቅ፤ ሐሙስ ማታ ሽንኩርቱ ከበርበሬና ከዘይት ጋራ ተቁላልቶ፣ ከቀዘቀዘም በኋላ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ። ዓርብ ማታ ሁሉም ደክሞት ስለሚደርስ ከሻይ በቀር ምንም አይጣድ፤ በቤት የተሠራ አነባበሮ ይበላ። ቅዳሜ ጧት ግማሽ ኪሎ የበሶ ዱቄት በውሃና በጥቂት ጨው ይለወስ፤ ለሕፃናትም ማር ይጨመርበት። ቅዳሜ ቀትር በሳነቴ ነፋስ መካከል እሳት ማንደድ አያስፈልግም፤ አንድ ኪሎ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎና በፔርሙዝ የተያዘ ትኩስ ሻይ ይበቃል። ቅዳሜ ማታ በተዘጋጀው ቁሌት ላይ ውሃ ጨምሮ ሁለት ብርጭቆ ሽሮ መምታት፣ ድርቆሹንም በዚያ ማራስ ነው። እሑድ ጧት የቀረው ድርቆሽ ከቋንጣ ጋራ ይፈርፈር። በጾም ወራት ቅቤው በዘይት ይለወጥ፤ ቋንጣውም ይቅር።

ለማብሰያ ቡታጋዝ ይያዝ እንጂ አስታና ኮሶ አይቆረጥ፤ በበጋ የደረቀ አስታ በጥቂት ፍም ተቀጣጥሎ ተራራውን ያነዳል። ከምንጭ ወይም ከወንዝ የተቀዳ ውሃ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ እሳት ላይ ይቆይና ይጠጣ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ ሌሊቱ ቢበርድም ከሰል ወይም ቡታጋዝ ወደ ድንኳን ውስጥ ፈጽሞ አይግባ። ሽታ የሌለው ጢሱ የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ለብርዱ ብርድ ልብስ መደረብ ይሻላል።

ትርፍራፊውም ተጠቅልሎ ወደ ከተማ ይመለስ፤ ውሻም በቤት ይቅር። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ በ1984 ዓ.ም. ግድም ከውሻ የተላለፈ የእብደት በሽታ በባሌ ብዙውን ፈጅቶታል። ሜዳ ላይ የተጣለ ምግብ ውሻን ይጠራልና ጥንቃቄው ከዚህ ይጀመራል።

ስንቁን መሸከም፣ ውሃውን መቅዳትና ዕቃውን ማጠብ ለአባትና ለልጆች ይከፈል። ድካሙ ሐሙስ ማታ በቤት ያለቀ እንደ ሆነ ቅዳሜ ማታ እናትም ከድስት ጋራ ሳትታገል ከልጆቿ መካከል ተቀምጣ ጀምበር ከተራራው ጀርባ ስትጠልቅ ታያለች። እርሷ ያላረፈችበት ጉዞ የቤተ ሰብ ዕረፍት ተብሎ ሊጠራ አይገባውም።