ጀበናችንን የሚያየው መስኮት

ጎረቤታችሁ ፎቅ ሲሠራ መጀመሪያ የሚያማርራችሁ አቧራውና ጩኸቱ ነው። እሱ ያልፋል፤ የማያልፈው መስኮቱ ነው። ከአጥራችን ማዶ ያለው ቤት ሦስተኛ ፎቅ ከደረሰ በኋላ እናቴ ግቢ ውስጥ ቡና ማፍላቷን ተወች። ለምን ስላት «ነጠላዬን እስካስተካክል ቡናው ይበርዳል» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ወደ ግቢው የምትወጣው ልብስ ለማስጣት ብቻ ሆነ።

እኔ የማርኬቲንግ ሰው ነኝና ፈጣን ውጤት እወዳለሁ። ሐምሌ ላይ 6 የግራቪሊያ ችግኝ ገዝቼ በአጥሩ ሥር ደረደርኩ። ግራቪሊያ በእርግጥ ቶሎ ያድጋል፤ በሦስተኛው ዓመት አጥሩን አልፎ ነበር። ፎቁ ላይ የቆመ ሰው ግን አሁንም ሲኒያችንን መቁጠር ይችላል።

ስህተቴን ያሳየችኝ እናቴ ናት። ወንበሯ ላይ አስቀምጣኝ ቀና እንድል አደረገችና «ጃንጥላ የሚያዘው ራስ ላይ ነው ወይስ አጥር ላይ?» አለችኝ። ልክ ናት። ከላይ በሰያፍ የሚመጣን እይታ አጥር ሥር ያለ ዛፍ የሚጋርደው ፎቁን ሊያክል ምንም ሳይቀረው ነው። መቀመጫችሁ አጠገብ ያለ ዛፍ ግን 4 ወይም 5 ሜትር ደርሶ ቅርንጫፉን ከዘረጋ ይበቃችኋል።

በፎቁ አቅጣጫ፣ ከመቀመጫው 2 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ዋንዛ ተከልን። ጉድጓዱ 60 ሳንቲሜትር ጥልቀትና ስፋት ነበረው። የላይኛውን ለም አፈር ለብቻ አስቀምጠን፣ ከብስባሽ ጋር ቀላቅለን መለስነው። የችግኙን ላስቲክ ቀዳችሁ ማውጣት እንዳትረሱ፤ ሥሩ ታፍኖ ይቀራል። የሚከብዱት የመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች ናቸው። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ አትክልት ያጠብንበትን አጠጣነው።

ዋንዛ በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ያኔ ለተወሰኑ ሳምንታት መስኮቱ ተመልሶ ይመጣል። ዓመቱን ሙሉ መጋረጃ ከፈለጋችሁ ዝግባ ትከሉ። እድገቱ አዝጋሚ ቢሆንም ቅጠሉ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው፤ ቢከረከምም ይችላል። እናቴ ግን በዋንዛው ነጭ አበባ አትደራደርም።

ዘንድሮ ረከቦቷ ወደ ግቢው ተመለሰ። አንድ ጠዋት ከላይ «እትዬ፣ የት ጠፉ? አላይዎትም እኮ!» የሚል የሴት ድምፅ ተሰማ። እናቴ ቀና እንኳ አላለችም።

«አቦሉ ደርሷል፤ ውረጂ!»