የአንድ ግሥ ዋጋ

ተማሪዎች፤ ዛሬ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ተቋም ኮሌጅ በነበረበት ዘመን፣ በ1975 ዓ.ም.፣ እኔ በዚያ ለአማርኛ መምህርነት እሠለጥን ነበር። ስለ ጋዜጠኝነት የተማርሁት ከአንድ የግድግዳ ጋዜጣ ነው። ዜናውን በእጃችን ጽፈን ከሰሌዳ ላይ እንለጥፍ ነበር። ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የወጣው «አእምሮ» ጋዜጣም በመጀመሪያ የተሠራጨው በእጅ እየተጻፈ ነው።

አንድ ቀን በየካ ሚካኤል በኩል ሳልፍ፣ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ደን እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችን ከሩቅ አየሁ። ማታውኑ ብዕሬን አንሥቼ፣ «ሴቶች የደኑን ዛፍ ቆርጠው ለገበያ አቀረቡ» ስል ጻፍሁ። ዜናው ሲለጠፍ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

በማግሥቱ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ከሰሌዳው ፊት ለረዥም ጊዜ ቆሞ አየሁት። ወደ እኔ ዞሮ፣ «እናቴ ከእነዚያ ሴቶች አንዷ ናት። ወድቆ የደረቀውን ጭራሮ ትለቅማለች እንጂ ዛፍ ቆርጣ አታውቅም፤ መጥረቢያም የላት» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ።

መምህራችን ይህን በሰሙ ጊዜ አልተቆጡኝም። «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት ብለህ ማንን ጠየቅህ?» አሉኝ። ማንንም አልጠየቅሁም ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማለዳ ከጓደኛዬ ጋር ዳገቱን ወጣሁ። እናቱ ሸክማቸውን ከድንጋይ ላይ አሳርፈው፣ ሌሊት ከቤት እንደሚነሡ፣ ሸክሙ ወገባቸውን እንደሚያጎብጠው፣ ልጆቻቸውንም ያሳደጉት በዚያው ሽያጭ እንደ ሆነ ነገሩኝ። ስንሰነባበት፣ «ልጄ፣ ያን ጊዜም ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር» አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እርማቱን የመጀመሪያው ዜና ከነበረበት ስፍራ ላይ በጉልህ ፊደል ጽፌ ለጠፍሁ። ይሁን እንጂ ዜናውን አንብበው እርማቱን ሳያዩ የቀሩ አልጠፉም።

የእኛን ሰሌዳ ያነብ የነበረው የግቢው ሰው ብቻ ነው። እናንተ ግን ዛሬ በስልክ የምትጽፉት ቃል በአንድ ጀምበር አገር ያዳርሳል። «ቆረጡ» እና «ለቀሙ» በሰዋስው ሁለቱም የኀላፊ ጊዜ ግሦች ናቸው፤ ያለ ቦታው ሲገባ ግን አንዱ ያልበደለን ሰው በደለኛ ያደርጋል። ስለዚህ ስለ ሰው ከመጻፋችሁ በፊት፣ ሰውየውን ራሱን ጠይቁ።