ድንጋይ የተሸከሙት መምህር

በልጅነቴ ስለ አይሁድ በዓል የሰማሁት ከሽሬ ተዘዋውረው መቀሌ ከመጡ መምህራችን አፍ ነው። ጊዜው የ1970ዎቹ መጀመሪያ ነበር፤ ደርግ ሃይማኖትን ከክፍል ያስወጣበት ዘመን። እሳቸው ግን በሩን ገርበብ አድርገው አብረዋቸው ስላደጉት ቤተ እስራኤላውያን፣ ስለ አገራችን አይሁድ፣ ያወጉን ነበር። ያን ጊዜ በሽሬና በወልቃይት መንደሮች የሚኖሩት አብዛኞቹ ገና አልተሰደዱም። ከጥንት ጀምሮ ርስት ስለተነፈጋቸው ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ይሸምናሉ፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። የገበሬው ማረሻ ከእነሱ እጅ ይወጣል። ገበሬው ማረሻውን ተቀብሎ ሲያበቃ “ቡዳ” ይላቸዋል።

መምህራችን ከሁሉ አብልጠው የሚተርኩልን አስተሰርዮን፣ የማስተሰረያውን ቀን፣ ነበር። በሰባተኛው ወር በአሥረኛው ቀን ትልቅ ትንሹ ጸሎት ቤት ይሰበሰባል፤ ቄሶቹ በግዕዝ ይጸልያሉ፤ እህል ውሃ የቀመሰ ሳይኖር ሲሰገድ ይዋላል። ከዚያ በኋላ በሃምሳኛው ቀን ስግድ ይመጣል። በጎንደር በኩል፣ አምቦበር ላይ፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ተራራ ይወጣል፤ ኦሪት ይነበባል፤ ስለ ራስም ስለ አባቶችም ኃጢአት ምሕረት ይለመናል። ብዙው ሰው ሽቅብ ሲወጣ ድንጋይ ተሸክሞ ነው። ዘመድ የሞተባቸው ደግሞ ለመታሰቢያ እህል ድንጋይ ላይ ያኖራሉ፤ ወፎች ይለቅሙታል። ከሰዓት በኋላ ይወረድና ጾሙ ተፈትቶ ይበላል፣ ይዘፈናል።

ልጆቹን “ንስሐ ማለት እንዲህ ነው” ብሎ ለብቻ የሚያስተምራቸው የለም፤ ከአባታቸው ኋላ ኋላ ይወጣሉ እንጂ። ሽማግሌው ጎንበስ ሲል ያያሉ። የሚፈሩትና የሚያከብሩት ሰው ራሱ በደለኛ ነኝ ሲል ይሰማሉ። እኔ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም።

የአይሁድ መምህራን በዚህ ላይ ጥብቅ የሆነ ነገር ያስተምራሉ። የማስተሰረያው ቀን በሰውና በአምላክ መካከል ያለውን ኃጢአት ያስተሰርያል፤ ጎረቤቱን የበደለ ግን አስቀድሞ ሄዶ ከጎረቤቱ ካልታረቀ ጾሙ ብቻውን አያድነውም። መምህራችን ይህን ያንብቡት አያንብቡት እንጃ፤ ማድረጉን ግን አድርገውታል።

ክፍላችን ውስጥ የቀጥቃጭ ልጅ ነበረ። አንዲት ልጅ ታመመች፤ “የበላት እሱ ነው” ተባለ፤ አጠገቡ የሚቀመጥ ጠፋ። መምህሩም ጫጫታው ሲበዛባቸው ልጁን ለብቻው ኋላ አስቀመጡት። ሰንበት ብለው የአስተሰርዮን ነገር ሲያወጉን ድንገት ቆም አሉ። ቅዳሜ ጠዋት እኛን አስከትለው ወደ ልጁ አባት ቤት ሄዱ። በር ላይ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ድንጋይ አነሡና ትከሻቸው ላይ አደረጉ። አገራችን ደም የተቃባም፣ ሚስቱን ያስቀየመም እንዲያ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው፤ መምህር ለቀጥቃጭ ሲያደርገው ያየ ግን ከመካከላችን አልነበረም። “ልጅዎን በድያለሁ። እነዚህ ከእኔ ነው የተማሩት” አሉ። ሰውየው መዶሻውን ጥሎ፣ “ይቅር ለእግዚአብሔር! ያውርዱት መምህር፣ ያውርዱት!” እያለ ድንጋዩን ከትከሻቸው ተቀበላቸው። ሰኞ ዕለት ልጁ መሐል ወንበር ላይ ተቀመጠ። ማንም ተነሥ አላለውም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሆኗል። ለቤተ እስራኤላውያን በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የሚወስደውን መንገድ ከከፈቱት ቀዳሚው የትግራይ ተወላጁ መምህር ፈረደ አክሉም ነበር፤ የትግራይ ቤተ እስራኤላውያንም ከመጀመሪያዎቹ ተጓዦች መካከል ነበሩ። በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ ብዙዎች ከሱዳን ተወሰዱ፤ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ውስጥ ተጓጓዘ። በሱዳኑ ጉዞ ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ እንደ ወጡ ቀርተዋል። ስግድ በ2000 ዓ.ም. በእስራኤል በሕግ የታወቀ በዓል ሆነ፤ ዛሬ ቄሶቹ ባለጥልፍ ጥላቸውን ዘርግተው ኢየሩሳሌም ላይ ያከብሩታል። ደስ ይለኛል። እነሱ በየዓመቱ ድንጋይ ተሸክመው ምሕረት ሲለምኑ በኖሩበት አገር፣ ቡዳ ሲላቸው የኖረው ጎረቤት ግን አንድም ቀን ድንጋይ ተሸክሞ ደጃቸው ሳይቆም መሄዳቸው ይቆጨኛል። አሁን ልቁም ቢልም ደጁ የለም።

የእኛም ልጆች ቢሆኑ ከዚህ ትምህርት ሩቅ አይደሉም። አይሁድ በአስተሰርዮ ከሰዓት በኋላ የሚያነቡትን የዮናስን መጽሐፍ የመቀሌ ልጆች በጾመ ነነዌ ይሰሙታል፤ እናቴም ሦስቱን ቀን ታስጾመን ነበር። ልጅ ሁሉ ዓሣ አንበሪውን ይወዳል። እኔ የምወደው የነነዌን ንጉሥ ነው፤ ወሬው በደረሰው ጊዜ ሕዝቡን ጹሙ ብሎ እሱ ዙፋኑ ላይ አልቀረም፤ ወርዶ ማቅ ለብሶ አመድ ላይ ተቀመጠ።

ጥቅምት 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲጀመር ትምህርት ቤቶቻችን ዝግ ሆነው ቀሩ፤ ከምዕራብ ትግራይ የተፈናቀለው ሕዝብ ሲጎርፍ መማሪያ ክፍሎቹ መኖሪያ ሆኑ። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ተፈረመና ደወሉ እንደገና ተደወለ፤ ብዙው ተፈናቃይ ግን ቤቱ አልተመለሰም። አሁን የከተማው ልጅና የተፈናቃዩ ልጅ ባንድ ክፍል ይማራሉ። በቅርቡ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ልጆቹ አንዱን ከወልቃይት የመጣ ልጅ በስሙ መጥራት ትተው “ተፈናቃይ” እያሉ አስለቅሰውታል። ትምህርት ቤቱ ዝም አላለም፤ ስለ ይቅርታና ስለ ደግነት ትምህርት ተሰጠ፤ ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ ልጆቹ በሙሉ በቀለም እርሳስ “ይቅርታ” ብለው ስማቸውን ጻፉበት። እኔም ቀርቤ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበብሁ። የአዋቂ ስም አላገኘሁም። ልጆቹ “ተፈናቃይ” የሚለውን ቃል የሰሙት ግን ቤታቸው ነው፤ “ለተፈናቃይ አናከራይም” ሲባል።