የቤዝ ጊታር ግዢያችን

በእጅ እየተጻፈ በሚዞረው በዚህ መጽሔታችን ስለ ክራር፣ ስለ ማሲንቆና ስለ ዋሽንት ብዙ ተብሏል። ስለ ቤዝ ጊታር ግን እስከ ዛሬ ያነሣ የለም። ይህም አያስገርምም። ዘፋኙን ሁሉም በስሙ ይጠራዋል፤ ሳክስፎን ነፊው ይጨበጨብለታል፤ ከበሮ መቺው ቢያንስ በላቡ ይታወቃል። ቤዝ ተጫዋቹ ግን ከኋላ ቆሞ ገብቶ ከኋላ ቆሞ ይወጣል። ድምፁ የተቋረጠ እንደሆነ ጨፋሪው እግሩ ይሳሰርበታል፤ ነገር ግን ምን እንደጎደለው ጠይቁት ቢባል አይነግራችሁም።

እኛ ስድስት ሰዎች ከሰሊጥ አጨዳ ያገኘነውን አዋጥተን አንድ አሮጌ ቤዝ ጊታር ከገዛን ወዲህ «እህል በሚያስፈልግበት ቦታ እንጨት ገዝተው መጡ» የሚል ወሬ ከውኃ ቦቴው እስከ ወፍጮ ቤቱ ሲዘዋወር ሰምተናል። ወሬው አላስከፋንም። በዶካ ፀሐይ ሥር ጎንበስ ብሎ የዋለ ሰው የገንዘብን ዋጋ ያውቃልና መጠየቁ ተገቢ ነው። ስለዚህ ምን እንደገዛን፣ እንዴት እንደገዛንና ለማን እንደገዛን በዚህ ጽሑፍ እናስረዳለን።

አስቀድመን መሣሪያውን እናስተዋውቅ። የተለመደው ቤዝ ጊታር አራት ክር አለው። ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲቆጠር ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ተብሎ ይቃኛል። ከብርኩማው እስከ አንገቱ ጫፍ ክሩ የሚርገበገብበት ርዝመት 86 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ይህ ድምፅ እጅግ የወረደ ስለሆነ በጆሮ ብቻ ሳይሆን በደረትና በእግር መዳፍም ይሰማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በካምፓችን ዘፈን በአብዛኛው የሚሰማው በእጅ ስልክ ነው። የስልክ ድምፅ ማጉያ ከጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ትንሽ ነገር በመሆኑ ያን የወረደ ድምፅ የማውጣት ዐቅም የለውም። የዘፈኑን ጣሪያ ይዞ መሠረቱን ይተወዋል። ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር ያስቀረፀውን «ኧረ መላ መላ» እዚህ ያደጉ ልጆች በቃላቸው ይሉታል። ሆኖም ከሥሩ እየተመላለሰ ዘፈኑን የሚያሽከረክረውን የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ በወጉ የሰማው ስንቱ ነው? ጆቫኒ ኋላም በሮሃ ባንድ ውስጥ ሆኖ የብዙ ድምፃውያንን ካሴት በዚያው ጣቱ ተሸክሟል። ልጆቻችን ያንን ሁሉ ዘፈን ያውቁታል፤ የሰሙት ግን ግማሹን ነው።

የታች ድምፅ ለሀገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በገና ዐሥር አውታር ያለው፣ በብርኩማው ላይ እንዝራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ እየገባለት የሚያንዘረዝር፣ በዐቢይ ጾም አባቶች የሚደረድሩት መሣሪያ ነው። ድምፁ ከጉሮሮ በታች ካለ ቦታ የሚመጣ ይመስላል። ስለዚህ ቤዝ ጊታር ከባሕር ማዶ ሲመጣ ጆሯችን ለድምፁ ባዳ አልነበረም። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ቤዝ ጊታር ሊዮ ፌንደር በካሊፎርኒያ በብዛት እየሠራ ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ከዚያ በፊት ባንዶች ሰው የሚያህለውን ኮንትሮባስ እየተሸከሙ ይዞሩ ነበር። ፌንደር ያንን ድምፅ በትከሻ ላይ የሚንጠለጠል አደረገው፤ በአንገቱ ላይም የብረት መስመሮች ደረደረበት። እነዚህ ፍሬት የሚባሉት ብረቶች ጣት የሚያርፍበትን ቦታ ስለሚለዩ ተጫዋቹ ድምፁን ሳይስት ያገኘዋል።

በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የታወቁት ኦርኬስትራዎች የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስና የቴአትር ቤት ነበሩ። ተጫዋቹ ደመወዝተኛ ነው፤ መሣሪያው የመንግሥት ንብረት ነው። ኋላ የግል ባንዶች ተነሡ። ከእነሱ አንዱ ዋሊያስ ባንድ በሒልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫውቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ ሲያወጣ ቤዙን የያዘው መላከ ገብሬ ነበር። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሄዶ ሲጫወት ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ፤ መላከም ከቀሩት አንዱ ነበር። ይህን የምናነሣው ስም ለመደርደር አይደለም። ቤዝ ተጫዋች በስደትም ቢሆን ብቻውን ምንም እንደማይሠራ ለማሳየት ነው። ክራር የያዘ ሰው በዛፍ ጥላ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ይጫወታል፤ ሰውም ከብቦ ያደምጠዋል። ቤዝ የያዘ ሰው ግን ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። መሣሪያው ራሱ ጓደኛ ፈልግ ይለዋል።

እኛም መጀመሪያ ከዘይት ቆርቆሮና ከሞተር ብስክሌት የፍሬን ሽቦ ቤዝ ክራር ሠርተን ነበር። ለሰርግም ለክርስትናም አገልግሎናል፤ አሁንም አልጣልነውም። ነገር ግን ሽቦው እየላላ ቅኝቱ ስለሚወርድ ዘፋኙ ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሻገር እኛ መንገድ ላይ እንቀር ነበር።

ከሰሊጥ አጨዳ በኋላ በገዳሪፍ አንድ የሱዳን ሙዚቀኛ ቤዝ ጊታር እንደሚሸጥ ሰማን። ሰውየው በካርቱም በሰርግ ቤቶች እየተጫወተ ቤተሰብ ያስተዳድር የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ምሥራቅ ተሰደደ፤ ከቤቱ ካወጣው ዕቃ አንዱ ይህ ጊታር ነበር። ሦስታችን ተወክለን ሄድን። «ኡስታዝ» ብለን ሰላምታ ሰጠነው፤ ሻይ አስቀረበልን።

አሮጌ ቤዝ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ቢኖር የመረመርነው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ አንገቱን እንደ ጠመንጃ አነጣጥረን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየነው፤ የተጣመመ እንጨት ዐይን ላይ ይታወቃል። ቀጥሎ ወፍራሙን ክር በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነን መካከሉን ተመለከትን። በክሩና በፍሬቱ መካከል ቀጭን ካርቶን የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ መልካም ነው፤ ክፍተቱ ከበዛ ወይም ጨርሶ ከጠፋ በአንገቱ ውስጥ የተቀበረው የብረት ዘንግ በመፍቻ ቀስ ተብሎ መስተካከል አለበት። ከዚያም እያንዳንዱን ፍሬት አንድ በአንድ ነካን፤ ክሩ የሚያንጫጫበት ፍሬት የተበላ ወይም የተነሣ ነው። መቃኛዎቹን አዙረን ይንሸራተቱ እንደሆነ አየን። ስሙን ግን አልመረመርንም። ፌንደር የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ሁሉ ፌንደር አይደለም፤ የዚህኛው ስም ደግሞ ከመላጡ የተነሣ አይነበብም።

ድምፁን እንዴት እንሰማለን? መብራት ጠፍቷል፤ ቤዝ ጊታር ያለ ማጉያ ከዝንብ ድምፅ የማይሻል ነገር ነው። ኡስታዙ ፈገግ አለና የጊታሩን ራስ ከእንጨት ቁም ሣጥኑ ጋር አስደግፎ መታው። ቁም ሣጥኑ በሙሉ አስተጋባ። እኛም በተራችን የጊታሩን ቀንድ ከአገጫችን ጋር አገናኝተን ሞከርነው፤ ድምፁ በአጥንት አልፎ ራስ ውስጥ ይገባል። በካርቱም ሸርሃቢል አሕመድ በኤሌክትሪክ ጊታር የሱዳንን ጃዝ ሲያስፋፋ ባለቤቱ ዘኪያ አቡበክር ጊታር ይዛ አብራው መድረክ ትወጣ እንደነበረ አጫወተን። ዘኪያ በሱዳን የመጀመሪያዋ ሴት የጊታር ተጫዋች ተብላ የምትታወቅ ናት። የእነሱም ዜማ እንደ እኛ በአምስት ድምፅ የሚሄድ ስለሆነ፣ ኡስታዙ በአረብኛ እያንጎራጎረ ሲመታ ጣቱ የሚሄድበትን አስቀድመን እናውቀው ነበር።

ዋጋው ላይ ስንደርስ ችግር ገጠመን። የጠየቀው የዘጠኝ ጆንያ ማሽላ ዋጋ ነው፤ በእጃችን ያለው የሰባት ነው። ከእኛ አንዱ ውጭ ጠርቶን «በዚህ ጊዜ ጊታር የሚገዛ ሌላ ሰው የለም፤ በአምስት አጥብቀን ብንይዘው ይለቃል» አለ። አልተሳሳተም፤ ይለቅ ነበር። ሁለተኛው ግን «እኛ ከሑመራና ከመተማ ስንወጣ ከብታችንንና ማሽላችንን በዚህ ዓይነት ዋጋ የገዛን ሰው ምን ብለን እንጠራው ነበር?» አለ። ከዚያ በኋላ የተናገረ የለም። ተመልሰን ያለንን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥንና እውነቱን ነገርነው። ኡስታዙ ገንዘቡን ሳይቆጥር ጥቂት ቆየ። ከዚያ አንድ ውል ጠየቀ፦ ሰላም ሆኖ ወደ ቤቱ ሲመለስ ይህንኑ ያህል ማሽላ የሚገዛ ገንዘብ ይዞ ከመጣ ጊታሩ እንዲመለስለት። በአረብኛና በአማርኛ ጽፈን ፈረምን። ወረቀቱ ዛሬም በጊታሩ ማኅደር ኪስ ውስጥ አለ።

ስለዚህ «ገዙ» የሚለን ሰው ግማሹን ተናገረ። እኛ ጠባቂዎች ነን። ጥበቃውም ሥራ አለው። በሚያዝያ የገዳሪፍ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ እንጨቱ ይደርቃል፤ በክረምት ዋልካው መሬት ጭቃ ሲሆን ደግሞ እርጥበት ይጠጣል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አናሳድረውም፤ በጨርቅ ጠቅልለን በሣር ጎጆው መካከል እንሰቅለዋለን። ክሩ ሲያረጅና ድምፁ ሲደነዝዝ አዲስ ክር ከየት ይመጣል? ፈትተን በውኃ ዐሥር ደቂቃ ያህል እንቀቅለዋለን፤ ላብና እድፉ ሲለቅ ድምፁ ለጥቂት ጊዜ ይመለሳል። ማጉያውም በመኪና ባትሪ የሚሠራ ነው። የታች ድምፅ ከሌላው ይልቅ ብዙ ኃይል ስለሚበላ ድግሱ ከመንጋቱ በፊት ባትሪው ያልቃል፤ ያን ጊዜ ወደ ቆርቆሮው ክራር እንመለሳለን።

በቅርቡ በአንድ ሰርግ ላይ በችክችካ ስንጫወት፣ አስቀድመው «ልጆቼ፣ ይህ ነገር ይበላል ወይ?» ብለው የጠየቁን አንዲት እናት አጠገባችን መጥተው ቆሙ። መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጥቂት አደመጡና «ይኼማ የአባቴ በገና ነው፤ እዚህ ጋ ነው የሚሰማው» አሉን። ጊታሩን አመሰገኑ ለማለት አይደለም፤ በማግሥቱም ስለ እህሉ መልሰው ጠይቀውናል። ጥያቄው እውነት ነው፤ የሰባት ጆንያ ማሽላ ስድስት ቤተሰብን ለስንት ወር ይመግብ እንደነበረ እኛም ቆጥረነዋል። ይሁን እንጂ እያንዳንዳችን ከድርሻችን ለቤታችን የሚበቃውን አስቀርተን እንዳዋጣን፣ ከአጨዳው በፊትም በየቤታችን ተመካክረን እንደተስማማን እንዲታወቅልን እንፈልጋለን።

ቤዝ ጊታርን የሚያደንቅ ሰው የሚያደንቀው ቀለሙን ወይም ስሙን አይደለም። ሌላው ሰው እንዲዘፍንና እንዲጨፍር ከሥሩ ገብቶ የሚሸከመውን ነገር ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ በአንድ ሰው ኪስ ተገዝቶ በአንድ ሰው ቤት ቢቀመጥ ዕቃ ነው። በስድስት ሰው ላብ ተገዝቶ፣ ለሚመለስ ባለቤት ተጠብቆ፣ በሁሉም ሰርግ ላይ ሲወጣ ግን ሥራውን ይሠራል።

ስለዚህ ልጆቻችሁን ላኩልን። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለው ዳስ እንገኛለን። ሴት ልጅም ወንድ ልጅም ይምጣ፤ እጁን ታጥቦ ይምጣ፤ ክራር ያለው ክራሩን ይዞ ይምጣ። የምናስተምረው ያወቅነውን ያህል ነው። መጀመሪያ የምናሳየውም ጊታሩን ከጠረጴዛው ጋር አስደግፎ መስማትን ነው፤ ለዚያ ባትሪ አያስፈልግም።