የግርማ ዋጋ

ቅዳሜ ጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግ የጤፍ ዱቄት ጭኖ አሌክሳንድሪያ ላለ ሱቅ ያደርሳል። ፒካፑ ትልቅ ነው፤ ኮፈኑ ከፍ ያለ፣ የፊት ፍርግርጉም እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ። ሲገዛው ስለ ነዳጅ አልጠየቀም። አሥር ዓመት በሰው መኪና ታክሲ የሠራ ሰው ነው፤ አንድ ቀን መንገድ ሲለቀቅለት ማየት ፈለገ።

አሁን አባቱ ከጎኑ ይቀመጣሉ። አዲስ አበባ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሃይሉክስ ሲነዱ የኖሩ ናቸው። ጭነቱ በወረደ ቁጥር «የኋላውን ስፖንዳ አውርደው፤ ነፋሱ ይውጣ» ይላሉ።

ይህን የሚሉት እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ ብዙ አሜሪካውያንም ያምኑበታል። ነፋሱ ግን እንደዚያ አይሠራም። ስፖንዳው ሲዘጋ ካሶኒው ውስጥ የሚሽከረከር አየር ይታቆራል፤ ከጣሪያው የሚመጣው ነፋስ በእሱ ላይ ተንሸራቶ ያልፋል። ሲከፈት ይህ ትራስ ይፈርሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠብ ነዳጅ የለም።

ልጅ ይህን ሲነግራቸው አባት ጥቂት ዝም አሉ። «ታዲያ ነዳጁን የሚበላው ምኑ ነው?»

አንዱ ክብደቱ ነው፤ አውራ ጎዳና ላይ ግን ዋናው ግንባሩ ነው። እ.ኤ.አ. የ1994 ሞዴል ዶጅ ራም የከባድ ጭነት መኪኖችን ፊት ተዋሰ፤ ገበያውም ወደደው። ከዚያ ወዲህ የፒካፖች ግንባር ከፍ እያለ መጣ። የአየር ተቃውሞ ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ልክ ያድጋል፦ ከ55 ማይል ወደ 65 ሲወጣ በ40 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በአዲስ አበባ መጨናነቅ ውስጥ ግርማ ብዙ አያስከፍልም፤ እዚህ በየማይሉ ያስከፍላል። አምራቾቹም ያውቁታል፤ ከመከላከያው ሥር ነፋስ መመለሻ፣ ከፍርግርጉ ጀርባ በራሱ የሚዘጋ መዝጊያ ይገጥማሉ። ፊቱን ዝቅ ማድረግ ግን ይከብዳቸዋል፤ የሚሸጠው እሱ ነዋ።

ባለፈው ወር ለእህቱ ልጆች ትምህርት ቤት የላከው ገንዘብ ከወትሮው ያነሰ ነበር። ምክንያቱን አልነገራትም። የነዳጅ ደረሰኞቹ አባቱ ፊት ባለው መሳቢያ ተጠቅጥቀዋል።

የዊልሰንን ድልድይ ተሻግረው ሲመለሱ ፍጥነቱን ቀንሶ 55 ላይ ያዘ። አንዲት ትንሽ ቶዮታ ጥሩምባ ነፍታበት አለፈች። አባቱ መሳቢያውን ከፍተው ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ማስተካከል ጀመሩ። መኪናውን ሽጠው አላሉትም።

«ማታ ለእህትህ እንደውልላት» አሉ።