ስለ አባቴ ሪዝና ስለ ባሕር መነጽር

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ምሽት በመኝታ ቤታችን መታጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ ዐይኔንና አፍንጫዬን በመስታወት ሸፍኜ፣ አፌ ላይ ቧንቧ ሰክቼ፣ ውሃ በሞላ ሳፋ ላይ ተደፍቼ የተገኘሁት እኔ ነኝ። ወሬው በማግሥቱ ከምግብ አዳራሽ ተነሥቶ ቤተ መጻሕፍት ደርሶ፣ አንዱ «ፈተናው አስመርሮት ነው» ሲል ሌላው «ለሳይንስ ፋኩልቲ የሚሠራው ሙከራ ነው» ማለቱን ሰምቻለሁ። ክሱን አልክድም። ነገር ግን ሳይሰሙ መፍረድ ደግ አይደለምና የነገሩን ሥር ላስረዳ።

አባቴ በወጣትነታቸው በምጽዋ በባሕር ኀይል ያገለገሉ ሰው ናቸው። ሥራቸው በመርከቡ ሆድ ውስጥ ሞተር መጠበቅ ነበርና፣ ዓመታት በባሕር ላይ ኖሩ ሲባል ባሕሩ የብረቱን ግድግዳ ሲደበድብ ሰሙት ማለት ነው እንጂ ብዙ አዩት ማለት አይደለም። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከተያዘች በኋላ በአሰብ ቆዩ፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ አንዲት ሻንጣ ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ከዚያ ወዲህ የጨው ውሃ እግራቸውን ነክቶት አያውቅም። ዛሬ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል። አምና በጂቡቲ የምትኖረው አክስቴ «በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ሁላችሁም ኑ» ብላ ስትጠራን፣ እናቴ ስለ ሙቀቱ፣ ታናሽ ወንድሜ ስለ ጀልባው ሲጠይቁ፣ አባቴ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ከውሃው በታች ያለውን ማየት ይቻላል ወይ?»

እንግዲህ ዕቃውን የማዘጋጀቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። «ተማሪው አንተ ነህ፤ አጥንተህ ግዛ» ተባልሁ። እኔም እንደ ልማዳችን ሳላጠና ገዛሁ። አንድ ሱቅ ገብቼ የባሕር መነጽር ብል፣ ሻጩ ዐይንን ብቻ የሚሸፍኑ የዋና መነጽሮች አራት ቆጥሮ ሰጠኝና «ሁሉም ያው ነው» አለኝ። ያው አይደለም! የዋና መነጽር አፍንጫን ውጭ ይተዋል። ሰው ጥቂት ወደ ታች ጠለቅ እንዳለ በመነጽሩ ውስጥ ያለው አየር ስለሚጨመቅ፣ መነጽሩ እንደ ዋግምት ዐይንን ይስባል። አፍንጫ አብሮ የተሸፈነ እንደ ሆነ ግን በአፍንጫ ትንሽ አየር እፍ ብሎ ግፊቱን ማስተካከል ይቻላል። አራቱ መነጽሮች አሁን ከአልጋዬ ሥር ይገኛሉ፤ ሽንኩርት የሚከትፍ ቢኖር በደስታ አውሳለሁ።

ሁለተኛው ጊዜ ግን በእውነት አጠናሁ። ማስክ ሲመረጥ የሚታየው ቀለሙ አይደለም፤ ዋጋውም ቢሆን በኋላ ነው፤ የሚታየው የሰውየው ፊት ነው። ማሰሪያውን ሳያጠልቁ ማስኩን ፊት ላይ ቀስ ብሎ ማስደገፍ፣ በአፍንጫ ጥቂት አየር መሳብ፣ ከዚያም እጅን መልቀቅ ነው። ተጣብቆ ከቀረ ይስማማል፤ ከወደቀ ለሌላ ሰው ይሁን። ማሰሪያውን በማጥበቅ አይድንም፤ እንዲያውም ከልክ በላይ ሲጠብቅ ጠርዙ ይጣመምና ውሃ ያስገባል። ጠርዙ ለስላሳ ሲሊኮን፣ መስታወቱም ቢሰበር እንደ ቢላ የማይሰነጠቅ፣ ተፈርክሶ የሚበተን ጠንካራ መስታወት መሆን አለበት። ከዱባይ ዕቃ እያመጣች የምትሸጥ ጎረቤታችን ሰባት ዐይነት አመጣችልንና ያልሆነውን ልትመልስ ተስማማች። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤተ ሰቡ በሙሉ ሳሎን መካከል ማስክ ፊቱ ላይ ለጥፎ፣ እጁን አንጠልጥሎ፣ ትንፋሹን ይዞ ቆሞ ሳለ ቡና ልትጠጣ የገባችው የእናቴ ማኅበርተኛ የደረሰባትን ድንጋጤ ለአንባቢ ግምት እተወዋለሁ።

በዚያ ቀን የአባቴ ማስክ ጥቂት ተጣብቆ ቆይቶ መውደቁን አይቻለሁ። ምክንያቱንም ዐውቄዋለሁ፤ ዝም አልሁ።

ስለ ቧንቧው፣ ማለት ስኖርክል ስለሚባለው፣ ወንድሜ የራሱ አሳብ ነበረው። «ለምን እንዲህ አጠረ? የአትክልት ማጠጫውን ጎማ ብንቀጥልበት ባሕሩ ወለል ላይ ቁጭ ብለን እንተነፍሳለን» አለ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነውና አይፈረድበትም፤ እኔም መልሱን የማውቅ መስሎኝ አላውቀውም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1 ሜትር ጥልቀት ውሃው በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲሜትር የሰውነታችን ክፍል ላይ 100 ግራም ያህል ይጫናል። ይህ በደረት ስፋት ሲባዛ ብዙ አሥር ኪሎ ይሆናል፤ በጎማው በኩል የሚመጣው አየር ግን ከላይ ካለው አይበልጥምና ደረት ያን ሸክም አንሥቶ አየር ሊስብ አይችልም። ይህም ባይሆን የተነፈስነው ክፉ አየር ከረጅሙ ቧንቧ ሳይወጣ ተመልሶ ይሳባል። ስለዚህ ደኅናው ቧንቧ ከ40 ሴንቲሜትር ያህል አይረዝምም። ወንድሜ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እሺ፣ ግማሽ ጎማ ብንቀጥልስ?» አለ።

እናቴ ደግሞ ቧንቧ በአፍ መንከስ አልወደዱም። ፊትን ከግንባር እስከ አገጭ የሚሸፍን፣ በአፍንጫም በአፍም የሚያስተነፍስ አዲስ ዐይነት ማስክ አይተው «ይኸ ነው የሰው» አሉ። ለመልኩ ለመልኩማ ያማረ ነው። ነገር ግን ውስጡ ሰፊ ስለ ሆነ፣ መዝጊያዎቹ በደንብ ካልተሠሩ የተነፈሱት አየር በውስጡ ይቀራል፤ ውሃ ቢገባም ቧንቧን ከአፍ እንደ መትፋት በቀላሉ አይወልቅም። እናቴን በብዙ ልመና ወደ ተራው ማስክ መለስኋቸው፤ በዚህ የተቀየሙኝ እስከ ፋሲካ ነበር። የእግር ክንፉን ነገር አላስረዝመውም፤ ሲረጥብ እግርን ይልጣልና ስስ ካልሲ አብሮ ይያዝ።

ትልቁ ችግር የአባቴ ዐይን ነበር። የሚያደርጉት መነጽር ከሦስት ተኩል በታች ነው፤ ያለ እርሱ የሰው መልክ አይለዩም። መነጽር አድርጎ ማስክ ማጥለቅ አይሆንም፤ ዘንጉ ጠርዙን ያነሣዋል። ታዲያ በማስኩ መስታወት ፋንታ የሚገባ የሐኪም መስታወት መኖሩን ስሰማ እጅግ ደስ አለኝ። ዋጋውን አልናገርም፤ የሁለት ወር የኪስ ገንዘቤን አብሬበታለሁ ብል ይበቃል። የደም ግፊትም ስላለባቸው ሐኪማቸውን ጠየቅን። በሦስት ነገር ፈቀዱ፤ መንሳፈፊያ ሰደርያ እንዲለብሱ፣ ብቻቸውን እንዳይገቡ፣ ወደ ታች እንዳይጠልቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ሳይደክመኝ አልተኛሁም። ባሕሩን የተመኙት እርሳቸው ይሁኑ እንጂ፣ ዕቃውን የመረጥሁት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ሳፋው ደረስን። አዲስ ማስክ ከፋብሪካ ሲወጣ መስታወቱ ላይ የማይታይ ስስ ቅባት ይቀራል፤ ካልጸዳ ውሃ ውስጥ እንደ ተገባ በጉም ይሸፈናል። መድኃኒቱ ተራ ነጭ የጥርስ ሳሙና ነው፤ በጣት ደጋግሞ ማሸትና ማጠብ። በዚያ ምሽት አራት ማስክ እያሸሁ፣ እያጠለቅሁ፣ ጉሙን እፈትን ነበር። የመጨረሻው ማከሚያ ግን ከመግባት በፊት መስታወቱን በውስጥ በኩል በምራቅ አሽቶ አለቅለቅ ማድረግ ነው። ይህን ስነግራቸው እናቴ ፊታቸውን አዞሩ፤ አባቴ ግን «ሽማግሌ እንትፍ እንትፍ ብሎ ሲመርቅሽ መቼ ተጸየፍሽ?» ብለው አፏን አስያዟቸው።

ከጉዞው በፊት ሶደሬ ወርደን በመዋኛው ውስጥ ሙከራ አደረግን። የሁላችንም ማስክ ውሃ አላስገባም፤ የአባቴ ግን በየደቂቃው እየሞላ ወደ ላይ ያወጣቸው ጀመር። እንግዲህ ዝም የማልልበት ሰዓት ደረሰ። «አባባ፣ ሪዝዎ ነው» አልኋቸው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሪዝ የዋዛ ሪዝ አይደለም። በምጽዋ የበቀለ ነው፤ በሰርጋቸው ፎቶግራፍ ላይ ከሙሽራይቱ ቀድሞ የሚታየው እርሱ ነው፤ እናቴ ያለ እርሱ አይተዋቸው አያውቁም። ጠጉር ከጠርዙ ሥር ሲገባ ውሃ መንገድ ያገኛል። እናቴ «ቫዝሊን ይቀባ» አሉ፤ ቫዝሊን ለጠርዙ አይበጅም። እኔም ከአፍንጫ ሥር አንዲት ስስ መሥመር ብቻ ቢላጩ እንደሚበቃ ተናገርሁ። አባቴ ውሃውን ከፊታቸው ጠርገው «ግማሽ ሪዝ የለም» አሉና ወጡ። እስከ አዲስ አበባ ድረስ በመኪና ውስጥ ማንም አልተናገረም።

ጂቡቲ በገባን በሦስተኛው ቀን ወደ ሙሻ ደሴት ለመሻገር ተነሣን። ከኅዳር እስከ ጥር በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ነጠብጣቡ ግዙፍ ሻርክ እንደሚመጣና ሰው እንደማይነካ አክስቴ በቁርስ ላይ አጫወተችን፤ እናቴ ከዚያ በኋላ የሰሙት «ሻርክ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። በዚህ ጭቅጭቅ መካከል አባቴ ከመታጠቢያ ቤት ወጡ። ሪዙ የለም። የላይኛው ከንፈራቸው ነጣ ብሎ እንደ ሕፃን ሆኗል። እናቴ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ ወንድሜ ሊሥቅ ሲል በእግሬ ነካሁት።

በደሴቱ ዳር ውሃው ከወገብ ሳያልፍ ድንጋያማው የኮራል መሬት ይጀምራል። ጀርባቸው በፀሐይ እንዳይቃጠል ባለ ረጅም እጅጌ ሸሚዝ፣ በላዩ ሰደርያውን አልብሼ፣ ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ፈትሼ፣ እጃቸውን ይዤ ገባሁ። ምራቃቸውን እንትፍ አሉበት፤ አጠለቁት፤ ፊታቸውን ወደ ታች አደረጉ። እኔ ባሕሩን አላየሁም፤ የቧንቧውን ትንፋሽ ስቆጥር ነበር። መጀመሪያ ፈጠነ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ሄደ። አንድ ሰማያዊ ዓሣ በአጠገባቸው ሲያልፍ እጃቸውን ሰደዱ፤ ውሃ ነገርን በሦስተኛ እጅ ያህል አተልቆና አቅርቦ ያሳያልና ሳቱት። ደግመው ሰደዱ፤ ደግመው ሳቱት። ግማሽ ሰዓት ሲሆን ትከሻቸውን ነካሁ። ቀና ብለው ቧንቧውን ከአፋቸው አወጡ፤ ማስኩ ውስጥ አንዲት የውሃ ጠብታ አልገባም።

«ይህ ሁሉ ከሞተሩ ሥር ነበር?» አሉኝ፤ መልስ ሳይጠብቁ ተመልሰው ተደፉ።

ማስኩን በንጹሕ ውሃ አጥቤ፣ በጥላ አድርቄ፣ በሣጥኑ ውስጥ ከመጻሕፍቶቼ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። አባቴ በየጊዜው እየደወሉ «ጠርዙ እንዳይጣመም ተጠንቅቀሃል?» ይሉኛል። ሪዙን እስከ ዛሬ አላሳደጉትም።